ሳልቆጥር ያለፍኳቸው ሕዋሳት

የላቦራቶሪውን ቁልፍ አስረክቤ ጠመኔ ከጨበጥኩ ይኸው ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የቀድሞ የሥራ ጓደኞቼ በመንገድ ሲያገኙኝ «ምን ጎደለብህና ወጣህ?» ይሉኛል። ደመወዙ ያው ስለሆነ በገንዘብ ማመካኘት አልችልም። ቆሞ የሚነገር አጭር መልስ የለኝም፤ ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ባለፈው ወር ስለ ደም አስተማርኩ። ነጭ የደም ሕዋስ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ይወለዳል፤ እዚያው ያድጋል፤ ካደገ በኋላ ወደ ደም ወጥቶ ሥራውን ይሠራና ይሞታል። በደም ካንሰር ግን ሕዋሱ ሳያድግ፣ ሥራም ሳይሠራ፣ እየተባዛ መቅኔውንና ደሙን ይሞላዋል። ይህን ብዬ ስጨርስ ፀሐይ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ያላደገ ሕዋስ ሥራ አይሠራም ብለዋል። ሥራ የማይሠራ ከሆነ ለምን አይሞትም? ምን ይዞ ይኖራል?»

ደስ አለኝ። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄደን አንድ መምህር ይህንኑ በሰፊው አስረድተውናል። ሰሌዳውን ጠርጌ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ሣልኩ።

«በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አለ እንበል። ገጾቹ ጂኖች ናቸው። የቆዳውም፣ የጉበቱም፣ የደሙም ሕዋስ የያዘው መጽሐፍ አንድ ነው። ልዩነቱ የትኛው ገጽ ተገልጦ እንደሚነበብ ነው። ገጾቹን የሚገልጡና የሚከድኑ ፕሮቲኖች አሉ፤ ጣቶች በሏቸው። ሕፃኑ ሕዋስ የሚያድግበት ጊዜ ሲደርስ የልጅነቱን ገጽ የያዙት ጣቶች ይነሣሉ፤ ሌሎች ጣቶች መጥተው የአዋቂነቱን ገጽ ይገልጣሉ። በደም ካንሰር ግን ከጣቶቹ አንዱ ተበላሽቶ ወይም ከልክ በላይ በዝቶ ‹ተባዛ› የሚለውን ገጽ ይዞ ይቀራል። ሕዋሱ የሚኖረው ያንን ገጽ ብቻ እያነበበ ነው።»

«ጣቱን ቢያነሡትስ?» አለች፤ አልተቀመጠችም።

«ጤነኛው ሕዋስ አንድ ጣት ቢጎድልበት ሌላ ይተካለታል። የታመመው ግን ሕይወቱን በሙሉ የጣለው በዚያ ጣት ላይ ነው። በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በሚያሳድጓቸው የካንሰር ሕዋሳት ላይ እንዲህ ያለውን ፕሮቲን ሲያዳክሙት፣ አንዳንዶቹ መባዛት ትተው ማደግ ይጀምራሉ፤ አንዳንዶቹ ይሞታሉ። ጉልበቱም ድክመቱም እዚያው ላይ ነው። ይህ መድኃኒት ሆኖ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ግን ገና ብዙ ሥራ ይቀራል።»

ደወል ተደወለ። ተማሪዎቹ ወጡ፤ እኔ ከሰሌዳው ፊት ቆሜ ቀረሁ። እነዚያን ሕዋሳት ከሥዕል ውጭ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። አይቼም አልፌያቸዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት በዚሁ በደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ነበር። ከላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ስወጣ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ነጭ ጋወኔን በየማታው አጥቤ በየጠዋቱ የምተኩስ፣ ጠርሙሶቹን በቁመታቸው የምደረድር ልጅ ነበርኩ። አለቃዬ ጋሽ መኩሪያ ይባሉ ነበር። አጭር፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ በብርዱ ምክንያት ከጋወናቸው በታች ሁለት ሹራብ ይደርባሉ። በቃል ያስተማሩኝ ጥቂት ነው። አብዛኛውን የተማርኩት እጃቸውን እያየሁ ነው።

ደም በስላይድ ላይ ሲያሰጡ ጠብታዋን ከመስታወቱ ጫፍ ላይ ያሳርፋሉ፤ ሌላ መስታወት ያዘነብሉና በጠርዙ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳይቸኩሉ ሳይዘገዩ፣ ይገፏታል። ደሙ እንደ ምላስ ይዘረጋል፤ መጨረሻው ላይ ይሳሳል። የሚነበበው ያ ስሱ ቦታ ነው። ከዚያ ቶሎ ማድረቅ ነው፤ ቀስ ብሎ የደረቀ ደም ሕዋሱ ይጨማደዳል። ከደረቀ በኋላ በአልኮል ይጸናል፤ ቀለም ይፈስበታል፤ በውሃ ይታጠባል። ቀለሙ ካረጀ ወይም ውሃው ካልተስማማው ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይሆናል።

ስለዚህ ጋሽ መኩሪያ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ከሁሉ በፊት የራሳቸውን ጣት ወግተው የራሳቸውን ደም ቀለም ይነክሩ ነበር። ክፍሉን የምትጠርገው ወይዘሮ አስካለ ይህን ስታይ አታልፋቸውም።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ዛሬም ራስዎን ወጉ? ይህ ደም አያልቅም?»

«ደሜ ንብረት ክፍል ተመዝግቧል፣ አስኩ። ያለ ፊርማ አያልቅም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፦ «የማውቀውን ደም ካላየሁ፣ የማላውቀውን አይቼ ቀለሙን ነው በሽታውን ነው የምወቅሰው?» ይሉኛል። የቀኑ ትምህርት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ልማዳቸው ገበጣ ነው። ጤነኛ ደም ውስጥ የሚገኙት ነጭ ሕዋሳት አምስት ዓይነት ናቸው። ላቦራቶሪው መቶ ሕዋስ ይቆጥርና ከየዓይነቱ ስንት እንደተገኘ ለሐኪሙ ይጽፋል። ለዚህ የተሠራ፣ ቁልፍ ያለው መቁጠሪያ ነበር፤ የእኛ ከተበላሸ ቆይቷል። ጋሽ መኩሪያ ከቤታቸው የገበጣ እንጨት አመጡ። የሚጠቀሙት አንዱን ረድፍ ብቻ ነው። መቶ ፍሬ ሽምብራ ቆጥረው በጣሳ ያስቀምጣሉ፤ ዓይናቸው ከማይክሮስኮፑ ሳይነሣ እጃቸው ባዩት ዓይነት ልክ ሽምብራውን በየጉድጓዱ ይጥላል። ጣሳው ባዶ ሲሆን መቶ ሞላ ማለት ነው። ሲቆጥሩ ማንም አያናግራቸውም፤ አንድ ጊዜ አስተዳዳሪው ራሱ በር ላይ ቆሞ ጠብቋል።

ረድፉ ስድስት ጉድጓድ አለው። አምስቱ የአምስቱ ሕዋሳት ናቸው። ስድስተኛው ውስጥ ሽምብራ ሲገባ በስምንት ወር ውስጥ አላየሁም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። የገበጣ ረድፍ ስድስት ስለሆነ የተረፈ ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ለራሴ ማስረዳት ሁልጊዜ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ወደ አንኮበር በኩል ወዳለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ተዛወርኩ። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ የቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። ኃላፊው ደምሴ የሚባል ታታሪ ድሬሰር፣ ሐኪም በሌለበት በሽተኛ የሚያይ የጤና ረዳት፣ ነበር፤ ላቦራቶሪው እኔ ብቻ ነኝ። ክፍሌ አንድ መስኮት አላት። ጉሙ ሲገለጥ ከመስኮቷ ሥር ገደሉ፣ ከገደሉ ሥር ደግሞ ቆላው እስከ አዋሽ ድረስ ይታያል። ጉሙ ሳይገለጥ የሚውልበት ቀን ግን ይበዛል።

እንደ ደረስኩ ለአንድ አናጺ የገበጣ እንጨት አዘዝኩ። «ስድስት ነው የሚሆነው፣ ልማዱ እንዲያ ነው» አለኝ። «አይ፣ አምስት አድርግልኝ» አልኩት። በየጉድጓዱ ሥር የሕዋሱን ስም በቀለም ጻፍኩበት። ያምር ነበር። ደምሴ «ከሙዚየም የመጣ ይመስላል» ብሎ አደነቀልኝ።

በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ጉም የሸፈነው ረፋድ ላይ፣ ሁለት ሰዎች ከአሊዩ አምባ ዳገቱን ወጥተው መጡ። በበቅሎ የተቀመጡት አቶ ሰዒድ ናቸው፤ የበርበሬ ነጋዴ፣ ዕድሜያቸው አርባ አምስት ቢሆን ነው። በእግሩ ልጓም የሚስበው አብዱ ነው፤ የሚስታቸው የፋጡማ ወንድምና የንግድ ሸሪካቸው።

«ሐኪም፣ ይህን ሰውዬ እይልኝ» አለ አብዱ ገና ከበሩ። «ቀበቶው በየሳምንቱ አዲስ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ሆዱ ግን በግራ በኩል ወጥቶ ይገፋል። የሰው ሆድ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል?»

«አንተ ነህ ጭነቱን ያዛባኸው» አሉ ሰዒድ፤ ከበቅሎዋ ሲወርዱ እያለከለኩ።

«ወላሂ፣ ከዚህ ሰውዬ ላይ ያልከሳ ነገር ምላሱ ብቻ ነው!»

ደምሴ ሆዳቸውን ዳሰሰ። ጣፊያቸው አብጦ እምብርታቸው ጋ ደርሷል። ቆላ ለሚኖር ሰው የጣፊያ ማበጥ መጀመሪያ የሚያሳስበው ወባን ነው። «ደማቸውን እይልኝ» ብሎ ላከልኝ።

ጣታቸውን ወጋሁ፤ ደሙን አሰጣሁ። በጉሙ ምክንያት እስኪደርቅ ረዥም ጊዜ ወሰደ። ቀለም ነክሬ ስመለከት የወባ ተሕዋስ አጣሁ። ነጭ ሕዋሳቱ ግን እንደ ገበያ ተፋፍገው ነበር። መጀመሪያ የመጣልኝ ማብራሪያ፦ ደሙን አወፍሬዋለሁ። ጠቅላላ ብዛታቸውን የምንቆጥርበት መስታወት ተሰንጥቆ ስለ ነበር ልክ ነኝ አይደለሁም ብዬ ማረጋገጥ አልቻልኩም።

ገበጣዬን አስጠግቼ መቁጠር ጀመርኩ። ብዙዎቹ የማውቃቸው ነበሩ። በመካከላቸው ግን ስም ያጣሁላቸው ነበሩ፤ ተለቅ ያሉ፣ ክብ አስኳል ያላቸው፣ ሰማያዊነት የሚያጠቃቸው። አንዱን ሳይ እጄ ሽምብራ ይዞ ከአምስቱ ጉድጓዶች በላይ ተንጠለጠለ። ሁለተኛው ማብራሪያ መጣ፦ ቀለሙ አርጅቷል። ሦስተኛውም ተከተለ፦ ቀስ ብሎ ስለ ደረቀ ሕዋሱ ተበላሽቷል። የተበላሸ ሕዋስ እንደማይቆጠር ጋሽ መኩሪያ ነግረውኛል። ስለዚህ አለፍኩት። ቀጣዩንም አለፍኩት። የማውቀውን እየመረጥኩ፣ የማላውቀውን እየዘለልኩ ሄድኩ፤ ጣሳዬ ባዶ ሆነ፤ መቶ ሞላ።

የራሴን ጣት ወግቼ ያንኑ ቀለም ብሞክረው ኖሮ ቀለሙ ደኅና እንደሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይገባኝ ነበር። ሰኞ አልነበረም፤ አልወጋሁም።

በወረቀቱ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የወባ ተሕዋስ አልታየም። ነጭ ሕዋሳት በአብዛኛው ኒውትሮፊል። ሌላ የተለየ ነገር የለም።» ኒውትሮፊል በጤነኛ ደም ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ነጭ ሕዋስ ነው። ፈረምኩ፤ ማኅተም አደረግሁ። አብዱ ወረቀቱን ተቀብሎ «ምን ይላል?» አለኝ።

«ደማቸው ደኅና ነው።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ። ደምሴ የወባና የቁስለት መድኃኒት ሰጥቶ አሰናበታቸው።

ከጋሽ መኩሪያ የወረስኩትና ያላበላሸሁት አንድ ልማድ ነበር፤ ያየሁትን ስላይድ አልጥልም። የሰዒድን ስላይድ በወረቀት ጠቅልዬ፣ ስማቸውን ጽፌ ከሣጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ከሰባት ወር በኋላ በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር እጅ ከደብረ ብርሃን ደብዳቤ ደረሰኝ። «የአቶ ሰዒድን ስላይድ ይዘህ ና። መኩሪያ።» ከዚህ ሌላ ምንም ቃል የለበትም። መንገዱን ሁሉ ሣጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጎርባጣ በመጣ ቁጥር እየደገፍኩ ሄድኩ።

ጋሽ መኩሪያ ሰላም ካሉኝ በኋላ ስላይዱን ተቀበሉኝ። በመስኮቱ ብርሃን አዩት። ማይክሮስኮፑ ላይ አድርገው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ።

«ቁጠርልኝ።»

«ወባውን ጋሽዬ?»

«ነጩን። በእኔ ገበጣ።»

ቆጠርኩ። አራተኛው ሕዋስ ላይ እጄ ቆመ።

«ምን ሆንክ?»

«ይህ የተበላሸ ነው።»

«የተበላሸ ሕዋስ ዳር ድንበሩ ይፈርሳል። የዚህ ፈርሷል?»

እንደገና አየሁ። ድንበሩ እንደ ብርጭቆ አፍ የጠራ ነበር። «አልፈረሰም።»

«እንግዲያ አለ። ያለ ነገር ቦታ ይፈልጋል» ብለው ክንዴን ያዙና ሽምብራውን ወደ ስድስተኛው ጉድጓድ ወሰዱት።

«ይህ የምን ነው?» አልኩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ።

«የማላውቀው ነው። የማላውቀውን እዚህ አስቀምጥና ሲበዛብኝ ለሐኪሙ ‹የማላውቀው በዝቷል› ብዬ እጽፋለሁ።»

ጣሳው ባዶ ሲሆን ከሽምብራው ሲሶ ያህሉ ስድስተኛው ውስጥ ተከምሯል። ጋሽ መኩሪያ ጉድጓዱን እያዩ «ያን ቀን ስንት አለፍክ?» አሉኝ።

«አላውቅም። አልቆጠርኳቸውም።»

«አለማወቅህን አልቆጣህም። እኔም ጥፋት አለብኝ፤ ስለዚህ ጉድጓድ አልነገርኩህም። ግን አንተ መቶ እስኪሞላልህ የምታውቀውን ብቻ ፈልገህ ለቀምክ። እንዲህ ከተቆጠረ የማንም ደም ደኅና ነው።»

ከዚያ ሁለተኛውን ስላይድ አሳዩኝ፤ ሰዒድ በቅርቡ ደብረ ብርሃን ሲመጡ የተወሰደ ነው። በእኔ ስላይድ ላይ ሕዋሳቱ በየዕድሜያቸው ነበሩ፤ ሕፃኑም፣ ጎረምሳውም፣ አዋቂውም ተደባልቀዋል። በሁለተኛው ላይ ግን አዋቂ ጠፍቷል። ከዳር እስከ ዳር ሕፃናት ብቻ።

ይህን ዛሬ በክረምቱ ሥልጠና ከተማርኩት ተነሥቼ አስረዳዋለሁ። የሰዒድ በሽታ በዝግታ የሚጀምር የደም ካንሰር ነው። መጀመሪያ ላይ ሕዋሳቱ ከልክ በላይ ይባዛሉ፤ ይሁን እንጂ ያድጋሉ፤ ጣቶቹ ገጹን አሁንም ይገልጣሉ። በዚያ ወቅት ብዛታቸውን የሚገታ ክኒን አለ። ጊዜው ሲገፋ ሌላ ብልሽት ይደረብበታል፤ ገጽ ገላጮቹ ፕሮቲኖች በልጅነት ላይ ተቸክለው ይቀራሉ፤ ማደግ የሚባል ነገር ያበቃል። ያኔ ክኒኑ እምብዛም አይሠራም። ሁለቱ ስላይዶች የነበሩት ከዚህ ወሰን ወዲህና ወዲያ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ሰባት ወር የእኔ ወረቀት ነው።

የደብረ ብርሃን ሐኪሞች ሰዒድን ወደ አዲስ አበባ ልከዋቸው ነበር። እዚያ ያሉት ሐኪም «በመጀመሪያው ጊዜ ቢመጡ ለዓመታት ልናቆያቸው እንችል ነበር» ብለው መልሰዋቸዋል። አሁን ደም ተሰጥቷቸው ወደ አገራቸው እስኪወርዱ እዚሁ ተኝተዋል። ይህን ሁሉ ጋሽ መኩሪያ ቀስ ብለው ነገሩኝ።

«ሄጄ ልንገራቸው?» አልኩ።

«እኔ አላዝህም። ዘመኑን ታውቀዋለህ፤ የሠራተኛ ስሕተት ‹አሻጥር› ተብሎ የሚጻፍበት ጊዜ ነው። አንድ ሰው ከጻፈብህ አያልቅም።» ስላይዱን መልሰው እየሰጡኝ «ይህን ግን ደማቸው ስለሆነ ለሰውዬው ብታሳያቸው ያምርብሃል» አሉ።

ወደ ታማሚዎቹ ክፍል ሄድኩ። ሰዒድ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው እንደ ሰም ገርጥቷል። ፋጡማ ከአጠገባቸው ነበረች። ስሜን ስትሰማ ከነጠላዋ ጫፍ የታሰረ ወረቀት ፈታች። የእኔ ፊርማ ነበረበት።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«‹ሌላ የተለየ ነገር የለም›። የባሌ ወንድም ኢብራሂም ይህን በሰው ፊት ስንቴ አነበበው መሰለህ! ሐኪም ቤት በሽታ የለበትም ካለ፣ ይህ ሰው የሚከሳው ከምንድን ነው? ቆላ አብረው ሲወርዱ አብዱ ነው ወተት ያጠጣው፤ አብዱ ነው ያበላው፤ ሸሪክነቱን ብቻውን ሊወስድ መርዞታል አሉ። ወንድሜ ከቤቴ ከወጣ አምስት ወሩ። መዘዞ ሄዶ ከሰው ቤት ተጠግቷል።»

ሰዒድን አየኋቸው። ዓይናቸውን ከእኔ አላነሡም።

«እኔም ጠርጥሬዋለሁ» አሉ። «አልዋሽህም። ያቀረበልኝን ሻይ ሳልጠጣ የመለስኩበት ቀን አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ሰው ነው።»

ስላይዱን በእጃቸው አስይዤ ነገርኳቸው። ስለ ጉሙ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ዘለልኳቸው ሕዋሳት፣ ስለ ክኒኑ፣ ስለ ሰባቱ ወር። ምንም አላስቀረሁም። ፋጡማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሰዒድ ወረቀቱን ከእጇ ተቀብለው አጣጠፉት። «የሰረቀ ሰው ይታሰራል» አሉ። «ቆጥሮ ያሳሳተን ሰው ምን ያደርጉታል?»

«አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። የገበያ ቀን አሊዩ አምባ ትወርዳለህ። ወረቀትህን ያነበቡት ሰዎች በተሰበሰቡበት፣ ወረቀቱ ስሕተት እንደሆነ በአፍህ ትናገራለህ። እኔ ብናገር ‹ለሚስቱ ብሎ ነው› ይሉኛል። የጠፋው ዓመት አይመለስም፤ ሞቴም ከአላህ ነው። አብዱ ግን በእኔ ስም መርዘኛ ተብሎ እንዲኖር አልፈልግም። ሳልሞት እንዲጸዳ ነው የምፈልገው።»

ሄድኩ። ደምሴ «እብድ ነህ፣ ብቻህን?» ቢለኝም በቅሎውን አዋሰኝ። ቁልቁለቱን ስወርድ ጉሙ ከላዬ ቀረ፤ ሙቀቱ ከታች ተቀበለኝ። በሰዒድ ግቢ ውስጥ ከበርበሬ ጎተራው ፊት ለፊት ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ሰዒድ በምንጣፍ ላይ ተኝተዋል። ታላቅ ወንድማቸው ኢብራሂም፣ የአገሩ ሽማግሌ ሸህ ኑሩ፣ ሌሎችም ነጋዴዎች አሉ። አብዱ ከመዘዞ ተልኮበት መጥቷል፤ ግን አልገባም። የበቅሎውን ልጓም ይዞ ከበሩ ውጭ ቆሟል።

ስለ ሕዋስ ልናገር አፌን ስከፍት ማን እንደሚገባው ጠፋኝ። ዓይኔ ከሰሌኑ ላይ የተሰጣው በርበሬ ላይ አረፈ። አንድ ዕቅፍ አንሥቼ ከፊታቸው ዘረገፍኩት። ቀይ፣ ጉራማይሌ፣ አረንጓዴ ተደባልቋል።

«ደም ገበያ ነው እንበል» አልኩ። «ማሳው አጥንት ውስጥ ነው። ጤነኛ ሰው ከማሳው ወደ ገበያ የሚያወጣው የበሰለውን ብቻ ነው። አቶ ሰዒድ ወደ እኔ የመጡ ጊዜ ገበያቸው ውስጥ ያልበሰለ ሞልቶ ነበር። በሽታቸው ያ ነው። እኔ ደግሞ እንዲህ አደረግሁ» ብዬ ቀይ ቀዩን ብቻ እየለቀምኩ ወደ ጎን መቁጠር ጀመርኩ። «አረንጓዴውን ‹ይህ የተበላሸ ነው› እያልኩ ዘለልኩት። ቀዩ መቶ ሲሞላልኝ ‹በርበሬው ደኅና ነው› ብዬ ፈረምኩ።»

አንድ ነጋዴ ሳቁን መያዝ አቃተው። «እንዲህ ያለ ገዥ አላህ ይላክልኝ! ያለኝን ሁሉ አራግፍበታለሁ።»

ማንም አልተቆጣውም፤ እኔም ልክ ነው አልኩ።

ሸህ ኑሩ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ እነዚህ እንዳይበስሉ ያዘዛቸው ማን ነው?»

«አላውቅም፣ ሸህ።» እውነቴን ነበር፤ ስለ ጂንና ስለ ፕሮቲኖቹ ያኔ አልሰማሁም።

«ምግብ ነው?»

«አይደለም።»

«ወተት ነው? መርዝ ነው?»

«አይደለም። መርዝ የበላ ሰው ደሙ እንዲህ አይሆንም። ከውስጥ የመጣ ነው፤ ከሰው እጅ አይደለም።»

«ከዚህ በፊትም ጽፈህልናል» አለ ኢብራሂም። «ያኔም ፈርመህ ነበር። አሁን ለምን እንመንህ?»

«ያኔ የማላውቀውን ደብቄ ነው የጻፍኩት። ዛሬ የማላውቀውን ‹አላውቅም› ብዬሃለሁ። እጠይቅና እማር ይሆናል። መርዝ አለመሆኑን ግን አውቃለሁ፤ ከእኔ የሚበልጡ ሁለት ሐኪም ቤቶችም አይተውታል።»

ኢብራሂም በርበሬውን አየ፤ ወንድሙን አየ። ከዚያ ተነሣና እስከ በሩ ሄደ። ከአብዱ እጅ የበቅሎውን ልጓም ተቀብሎ እንደ እንግዳ በቅሎ ወስዶ አሰረው።

አብዱ ገባ። ከምንጣፉ አጠገብ ሲደርስ ሰዒድን ማየት አልቻለም፤ መሬት መሬት አየ።

«ማን ነው ይህን በርበሬ እንዲህ የበተነው?» አለ።

«አስተማሪው ነው» አሉ ሰዒድ።

«የምን አስተማሪ?»

«ያ ከአንኮበር። ሐኪም መስሎን ነበር።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ አብዱ ግን አልሳቀም። ፋጡማ ከቤት ወጣች። አንድ ሰፊ ገበታ ይዛ መጥታ ከመካከላቸው አስቀመጠች፤ ለወንድሟም የእጅ ውሃ አፈሰሰችለት። አብዱ እጁን ታጠበ፤ አንድ ጉርሻ ጠቀለለ፤ ከዚያ ባለበት ቀረ። ያ እጅ ለአምስት ወር የመርዘኛ እጅ ነበር፤ ሰው ሁሉ እያየው ነው።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉ ሰዒድ። «እኔ ክንዴ ደክሟል።»

አፋቸውንም ከፈቱ።